እውነተኛው ድምፅ የቱ ነው?

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ማማ ላይ ያደረ ሰው

በቦንጋ ዙሪያ ባሉት መንደሮች በቆሎ እሸት ሲይዝ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ማሳው ከጫካ የተጠጋ ገበሬ ማማ ሠርቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ቆርቆሮ ይዞ ያድራል። ሌሊት ከርከሮው ይመጣል፣ ጃርቱ ይመጣል። ሲነጋ ደግሞ ዝንጀሮውና ጦጣው በተራቸው ይመጣሉ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ የጣለው ሰው የወራት ድካሙን ሊያጣ ይችላል።

እኛም ፊደል ልናስቆጥር በመጣንበት መንደር አንድ ሌሊት ከአንድ አዛውንት ጋር ማማ ላይ አደርን። ጨለማው ድቅድቅ ያለ ነበር። በበቆሎው ውስጥ አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ በሰማን ቁጥር እኛ ብድግ እንላለን። እሳቸው ግን ከተቀመጡበት ንቅንቅ አይሉም። «ተቀመጡ ልጆቼ፣ ነፋስ ነው» ይሉናል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌላ ድምፅ ይሰማል። «ይህ የኔው ውሻ ነው፣ ተቀመጡ» ይሉናል። ወደ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እኛ ምንም ሳንሰማ፣ አዛውንቱ ድንገት ተነሥተው ቆርቆሮውን ይደበድቡት ጀመር። ከርከሮዎቹ በቆሎውን እየጣሱ ወደ ጫካው ሲሸሹ ያን ጊዜ እኛም ሰማን።

«እንዴት አወቁ አባባ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ከርከሮን ያወቅሁት ከርከሮን በመስማት ብቻ አይደለም» አሉን። «ነፋሱ ምን እንደሚል፣ ቅጠሉ ምን እንደሚል፣ ውሻዬ ምን እንደሚል አስቀድሜ አውቃለሁ። ከነዚህ ያልሆነ ድምፅ ሲመጣ ነው የምነሣው።»

የኝህ አዛውንት ንግግር ቀላል ንግግር አይደለም። በዓለም ላይ ካሉት ረቂቅ መሣሪያዎች በአንዱ የሚሠሩ ሊቃውንት በየቀኑ የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። እነሱ የሚጠብቁት ግን በቆሎ አይደለም፤ ከሰማይ ጥልቅ የሚመጣ እጅግ ትንሽ ንዝረት ነው። ይህን ለመረዳት መጀመሪያ በአገራችን ካለ አንድ መሣሪያ እንነሣ።

የመሬትን መንቀጥቀጥ የሚመዘግበው መሣሪያ

በ1961 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሰርዶ የምትባል መንደር በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ፣ በአዲስ አበባ በፎቅ ላይ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ተሰምቷቸዋል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚከታተል የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ። ጣቢያው የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት የመሩት ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ ቄስ ነበሩ።

መሣሪያው የሚሠራበት ሐሳብ ቀላል ነው። ከባድ ነገር በምንጭ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል እንበል። መሬት ሲነቃነቅ ሳጥኑ አብሮ ይነቃነቃል፤ የተንጠለጠለው ከባድ ነገር ግን ቶሎ አይከተልም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይመዘገባል።

ችግሩ ምንድን ነው? መሣሪያው ማንንም አይመርጥም። ከባድ መኪና ባጠገቡ ሲያልፍ ይመዘግባል። ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝና ሥሩ መሬቱን ሲነቀንቅ ይመዘግባል። ሰው ሲራመድም ይመዘግባል። ስለዚህ እንዲህ ያለው መሣሪያ ከከተማ ጫጫታ ራቅ ተደርጎ፣ በጠንካራ ዐለት ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል። በአዲስ አበባ አጠገብ በፉሪ ተራራ እንዲህ ያለ ጣቢያ አለ።

ደግሞም አንድ ጣቢያ ብቻውን አይታመንም። እውነተኛ የመሬት መንቀጥቀጥ በአንዱ ጣቢያ ከተመዘገበ፣ ጥቂት ቆይቶ በሌላውም ይመዘገባል። መኪና ግን በአንዱ ደጃፍ ብቻ ነው የሚያልፈው። እንግዲህ ሁለት ነገር ያዝን፦ ረባሹን ማወቅና ሁለተኛ ምስክር መፈለግ። አሁን ወደ ረቂቁ መሣሪያ እንሂድ።

የስበት ሞገድ ምንድን ነው?

ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ብንጥል ውኃው ክብ ክብ እየሠራ ወደ ዳር ይሄዳል። ያ ሞገድ ይባላል። አልበርት አይንስታይን የተባለው ሊቅ በ1908 ዓ.ም. እንደገለጸው፣ በሰማይ ላይ እጅግ ከባድ የሆኑ ነገሮች እየተሽከረከሩ ሲጋጩ፣ ባዶ የሚመስለው ሕዋ ራሱ እንደ ኩሬው ይሞገዳል። ይህ የስበት ሞገድ ይባላል።

ሞገዱ ሲያልፍ ምን ያደርጋል? ቆዳ ሲወጠር አይተናል። በቁመቱ ስንስበው በወርዱ ይጠባል፤ በወርዱ ስንስበው በቁመቱ ያጥራል። የስበት ሞገድም በሚያልፍበት ጊዜ ሁሉን ነገር በአንድ በኩል ይለጥጣል፣ በሌላ በኩል ያሳጥራል። እኛንም፣ ቤታችንንም፣ የጎጀብን ወንዝም ይለጥጣል። ታዲያ ለምን አይሰማንም? መጠኑ እጅግ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው።

አይንስታይን ራሱ ይህን ሞገድ ሰው ይለካዋል ብሎ ተስፋ አላደረገም ነበር። ሊቃውንቱ ግን መቶ ዓመት ያህል ከፈጀ ድካም በኋላ ለኩት።

ሁለት ክንድ ያለው መሣሪያ

መሣሪያው ላይጎ ይባላል። በአሜሪካ አገር በሁለት ቦታ ተሠርቷል። አንዱ በሰሜን ምዕራብ፣ ሃንፎርድ በተባለ ደረቅ ሜዳ ላይ ነው። ሁለተኛው በደቡብ፣ ሊቪንግስተን በተባለ የጥድ ደን ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ካለው ርቀት ይበልጣል።

እያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ረጃጅም ክንዶች አሉት። እያንዳንዱ ክንድ 4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሁለቱ ክንዶች እንደ ቤት ማዕዘን ቀጥ ብለው ይገናኛሉ። ክንዶቹ ውስጣቸው አየር የተመጠጠ ቱቦዎች ናቸው። በየጫፋቸው 40 ኪሎ የሚመዝን መስተዋት ከመስታወት በተሠራ ቀጭን ክር ተንጠልጥሏል።

አሠራሩን በሁለት ሯጮች እንመስለው። እኩል ፍጥነት ያላቸውን ሁለት ልጆች ከመንገድ መገናኛ ላይ ባንድ ጊዜ እንላካቸው። አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ እስከ መጨረሻው ሮጦ ይመለስ። መንገዶቹ እኩል ከሆኑ ልጆቹ እኩል ይመለሳሉ። አንዱ ከዘገየ የሱ መንገድ ረዝሟል ማለት ነው። በላይጎ ውስጥ ሯጮቹ ሌዘር የሚባለው ቀጥ ያለ ብርሃን ናቸው። የስበት ሞገድ ሲያልፍ አንዱ ክንድ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፤ ብርሃኖቹም እኩል መመለሳቸው ይቀራል።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? የራስ ጸጉርን ውፍረት ለሚሊዮን እንክፈለው። ከዚያ ከቁራጮቹ አንዱን ብቻ አንሥተን እንደገና ለመቶ ሚሊዮን እንክፈለው። መሣሪያው የሚፈልገው ወደዚህ የሚጠጋ ነገር ነው።

«እንዴ! ይህን ያህል የሚሰማ ጆሮማ የማይሰማው ምን አለ?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ረባሹ ብዙ ነው

ለዚህ መሣሪያ ዓለም ሁሉ ጫጫታ ናት። ነፋስ ሕንፃውን ይገፋል። የባሕር ማዕበል የብስን ሲመታ ንዝረቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አልፎ ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ኃይል ሽቦ ያለማቋረጥ ያዜማል። በሩቅ አገር መሬት ሲንቀጠቀጥ መስተዋቶቹ ተናግተው ሥራው ሊቋረጥ ይችላል። በሊቪንግስተን ደን ውስጥ ደግሞ ግንድ ቆራጮች ዛፍ ሲጥሉ፣ ባቡርም ሲያልፍ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀን ቀን መሥራት ይቸግር ነበር። ኋላ ግን መስተዋቶቹ የሚቆሙበት መደብ ከመሬቱ ንዝረት እንዲጠበቅ የሚያደርግ ተጨማሪ መሣሪያ ገባለት።

ታዲያ ሊቃውንቱ ምን አደረጉ? አዛውንቱ እንዳሉት፣ ረባሹን ሁሉ አስቀድመው ለማወቅ ተነሡ። በመሣሪያው ዙሪያ ብዙ ምስክሮች አቆሙ። አንዱ የመሬቱን ንዝረት ይለካል። አንዱ ድምፅ ይሰማል። አንዱ ነፋስ፣ አንዱ ሙቀት፣ አንዱ የማግኔት ኃይል ይለካል። የመሣሪያውም ብልቶች የየራሳቸውን ሁኔታ ይናገራሉ። በእያንዳንዱ ጣቢያ የሚመዘገበው የምስክርነት መስመር ከ200 ሺህ ይበልጣል። ዋናው መሣሪያ «አንድ ነገር ሰማሁ» ሲል እነዚህ ምስክሮች ይጠየቃሉ። በዚያችው ቅጽበት መሬቱ ተነቃንቆ ከነበረ ወይም መብረቅ ወድቆ ከነበረ፣ የተሰማው ነገር ይጠረጠራል።

የቁራዎቹን ነገር እንንገራችሁ። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በሃንፎርድ ጣቢያ ምክንያቱ ያልታወቀ ንዝረት ደጋግሞ ይመጣ ጀመር። የድምፅ ምስክሩ ሲጠየቅ ኳ ኳ የሚል ነገር ሰምቷል። ሰዎቹ ወጥተው ቱቦዎቹን ፈተሹ። ከውጭ ባለ አንድ እጅግ ቀዝቃዛ ቧንቧ ላይ በረዶ ጋግሯል። በበረዶው ላይ የመንቆር ምልክት አለ። ለካ በዚያ በረሃ ውኃ የጠማቸው ቁራዎች በረዶውን እየቆረቆሩ ኖሯል! ሊቃውንቱ በዚህ ብቻ አልረኩም። ራሳቸው በረዶውን እንደ ቁራ መታ መታ አድርገው፣ ያው ንዝረት በመሣሪያው ላይ መታየቱን አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ በረዶ እንዳይጋገርበት ቧንቧው እንዲሸፈን ተደረገ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጥርጣሬ መጣ፤ ምስክር ተጠየቀ፤ በዓይን ታየ፤ ተሞከረ፤ ከዚያ መፍትሔ ተገኘ። ከነዚህ አንዱ እርምጃ ቢዘለል ኖሮ ቁራዎቹ ዛሬም ይቆረቁሩ ነበር።

በዚህ ሥራ የሚረዱት ሊቃውንት ብቻ አይደሉም። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ተራ ሰዎች በፈቃዳቸው የሐሰት ንዝረቶችን ሥዕል እያዩ በየዓይነቱ ይለያሉ። አንዱ ዓይነት ዓሣ ስለሚመስል በዓሣ ስም ጠርተውታል። እኛ አገር ሴቶች ከአልጋ ላይ ጥቁሩንና የተነቀዘውን ቡና ለቅመው እንደሚያወጡ፣ እነሱም የሐሰቱን ከእውነተኛው ይለቅማሉ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የሊቅ ወረቀት ሳይሆን የሚያስተውል ዓይን ነው።

ሁለት ማማ ከአንድ ይሻላል

አንድ ሰው ብቻውን «ከርከሮ መጣ!» ቢል ሊሳሳት ይችላል። በሁለት ማማ ላይ ያሉ፣ እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ ቢሉት ግን ነገሩ ከበድ ይላል። ላይጎ በሁለት ቦታ የተሠራው ስለዚህ ነው። ኋላም በጣሊያን አገር ቪርጎ፣ በጃፓን አገር ከተራራ ሥር ካግራ የተባሉት ተጨምረዋል።

ነገር ግን ሁለት ምስክር እንዲያዋጣ ሰዓታቸው አንድ መሆን አለበት። በ1961 ዓ.ም. ጆሴፍ ዌበር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በትልልቅ የአሉሚኒየም ግንዶች የስበት ሞገድ አገኘሁ ብሎ ነበር። ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረገው እሱ ስለሆነ ዛሬም ይከበራል። ሌሎች ሰዎች ያንኑ መሣሪያ እየሠሩ ቢያዳምጡ ግን ምንም አልሰሙም። እሱ ግን «የኔ መሣሪያና በሮቼስተር ከተማ ያለው የሌሎች መሣሪያ ባንድ ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ሰምተዋል» አለ። ኋላ ሲመረመር፣ የሁለቱ መዝገብ ሰዓት በአራት ሰዓት ይለያያል! አንዱ የተጻፈው በአገሩ ሰዓት፣ ሌላው በእንግሊዝ አገር ሰዓት ኖሯል። ባንድ ጊዜ ሆኑ የተባሉት ነገሮች ባንድ ጊዜ አልሆኑም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛ ቀኑን ከጠዋት አንድ ሰዓት እንቆጥራለን፤ ፈረንጅ ሰባት ይለዋል። የሐኪም ቤት ወረቀት ላይ በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈውን በኛ አንብቦ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ የደረሰ ሰው ስንት ነው?

ሁለት ጠባቂዎችም በአጋጣሚ ባንድ ጊዜ ሊሳሳቱ ይችላሉ። ይህ በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚሆን እንዴት ይታወቃል? ሊቃውንቱ ብልኃት አላቸው። የአንዱን ጠባቂ የሰኞ ማስታወሻ ከሌላው ጠባቂ የማክሰኞ ማስታወሻ ጋር ያስተያያሉ። የሰኞው ከርከሮና የማክሰኞው ከርከሮ አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ እዚያ ላይ የሚገጥም ነገር ቢገኝ፣ በአጋጣሚ ብቻ የገጠመ ነው። ይህን እያዛወሩ ብዙ ሺህ ጊዜ ሲቆጥሩ አጋጣሚ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ያውቃሉ።

በፖስታ የታሸገው ፈተና

በላይጎ ራሳቸውን የሚፈትኑበት አንድ ልማድ ነበራቸው። ጥቂት ሰዎች ብቻ በምስጢር መስተዋቶቹን ነቅንቀው እውነተኛ ሞገድ የመጣ ያስመስላሉ። ሌሎቹ አያውቁም።

በ2003 ዓ.ም. መስከረም ላይ አንድ ግልጽ ድምፅ ተሰማ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ስድስት ወር ያህል ደከሙበት። ምስክሮችን ጠየቁ፤ ሒሳቡን ደጋግመው ሠሩ፤ ለማሳተም ጽሑፍ ሁሉ አዘጋጁ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ተሰብስበው የታሸገው ምስጢር ሲከፈት፣ ድምፁ ለፈተና የተከተተ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ አልተጣሉም። መሣሪያቸውም፣ አሠራራቸውም፣ እውነተኛው ሲመጣ እንደማያልፋቸው ተረዱ። ልጅን ፊደል አስቆጥሮ ከመካከል አንዱን ፊደል «ይህ ማነው?» እንደ ማለት ነው።

መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

በዚህ ቀን፣ በእኛ አገር ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሲሆን፣ በሊቪንግስተን ያለው መሣሪያ አንድ ንዝረት መዘገበ። ከአንድ ሴኮንድ ሺህ እጅ ሰባቱ ያህል ብቻ ቆይቶ የሃንፎርዱም ያንኑ መዘገበ። ንዝረቱ የቆየው ለሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ዓይን ተርገብግቦ እስኪከደን ድረስ አለቀ።

መጀመሪያ ያየው በጀርመን አገር በሃኖቨር ከተማ የሚሠራ ማርኮ ድራጎ የተባለ ጣሊያናዊ ነበር። ደስ ብሎት ጮኸ? አልጮኸም። «ይህ ለፈተና የተከተተ መሆን አለበት» ነበር ያለው። ጣቢያዎቹን ጠየቁ። ማንም ምንም አልከተተም።

ከዚያ ምስክሮቹ አንድ በአንድ ተጠየቁ። የመሬቱ ንዝረት? ጸጥታ። ነፋሱ? ጸጥታ። መብረቅስ? በዚያችው ሴኮንድ ገደማ በእኛው አህጉር፣ በቡርኪና ፋሶ አገር ላይ እጅግ ኃይለኛ መብረቅ ወድቆ ነበር። አሜሪካ የት፣ ቡርኪና ፋሶ የት? ቢሆንም «ሩቅ ነው» ተብሎ አልታለፈም። የማግኔት ምስክሮቹ ሲመረመሩ መብረቁ ያን ንዝረት ሊፈጥር ከቶ እንደማይችል ታወቀ።

ደግሞም መሣሪያዎቹ ለሳምንታት ምንም ሳይነካባቸው እንዳሉ እንዲቆዩ ተደረገ። ከዚያ ጊዜ ውስጥ የ16 ቀን ያህል ንጹሕ መዝገብ ተሰብስቦ፣ የሰኞውን ከማክሰኞው የማስተያየት ሥራ ተሠራ። ውጤቱ እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ በ200 ሺህ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ እንደማይገኝ አሳየ።

ያን ጊዜ፣ ከአምስት ወር ምርመራ በኋላ፣ የካቲት 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ለዓለም ተነገረ። የተሰማው ድምፅ የሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ግጭት ነበር። ጥቁር ጉድጓድ ማለት ብርሃን እንኳ የማያመልጠው፣ በራሱ ክብደት የተጨማደደ ነገር ነው። ሁለቱ እያንዳንዳቸው ከፀሐይ 30 እጥፍ ገደማ ይከብዱ ነበር። ሞገዱ ወደ እኛ ለመድረስ ከአንድ ሺህ ሚሊዮን ዓመት በላይ ተጉዟል። የዚህ ሥራ መሪዎች ራይነር ዋይስ፣ ባሪ ባሪሽና ኪፕ ቶርን በ2010 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አገኙ።

እውነቱን ከሐሰቱ ጋር አብሮ አለመጣል

እስካሁን ያየነው በሐሰት እንዳንታለል ነው። ሌላም አደጋ አለ። ሐሰትን የሚፈራ ሰው እውነቱንም አብሮ ሊጥል ይችላል።

ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. እንዲህ ሆነ። የሃንፎርዱ መሣሪያ «ሰማሁ» አለ። የሊቪንግስተኑ ግን ዝም አለ። ሐሰቱን እንዲለይ የተሠራው አሠራር የሊቪንግስተንን መዝገብ «የተበላሸ ነው» ብሎ ወደ ጎን አድርጎት ነበር። ሰዎቹ መዝገቡን አውጥተው በዓይናቸው ተመለከቱት። እውነትም ከግጭቱ አንድ ሴኮንድ ያህል ቀደም ብሎ ጠንካራ የሐሰት ንዝረት አለ። ከሥሩ ግን እውነተኛው ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ከግማሽ ያህል ሳይቋረጥ እየወጣ እየወጣ ይታያል! የተበላሸችውን ቅጽበት ብቻ ቆርጠው አወጡና ቀሪውን ያዙ። በአንድ ጥግ በሻገተ ቆጮ ጉድጓዱ በሙሉ አይጣልም።

ያን መዝገብ ባያድኑት ኖሮ ድምፁ ከየት እንደመጣ በትክክል አይታወቅም ነበር። በሦስቱ መሣሪያዎች፣ ማለት በሁለቱ ላይጎዎችና በቪርጎ፣ አቅጣጫው ተለይቶ ታወቀ። ከግጭቱ 11 ሰዓት ያህል በኋላ በቺሊ አገር ያሉ ሰዎች በቴሌስኮፕ ወደዚያ ተመልክተው ብርሃኑን አገኙት። የተጋጩት ሁለት የሞቱ ከዋክብት ነበሩ። እያንዳንዳቸው ከፀሐይ የበለጠ ክብደት ይዘው፣ ከዳር እስከ ዳር ግን የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚህም እንደ ወርቅ ያሉ ከባድ ማዕድናት በእንዲህ ያለ ግጭት እንደሚሠሩ ማስረጃ ተገኘ። በሙሽራ ጣት ላይ ያለው ቀለበት ወርቁ ከየት እንደመጣ በጥቂቱ ታወቀ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የተመዘገቡት የስበት ሞገዶች ከ200 በላይ ሆነዋል።

ይህ ለኛ ምን ይጠቅመናል?

አንድ የትምህርት ማታ ይህን ሁሉ ስንናገር አንዲት እናት በካፍኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሁሉም ሳቀ። ሲተረጎምልን «የሰማዩን ንዝረት እንዲህ የሚለኩት ሰዎች የኔን ቡና መጥተው ቢመዝኑልኝ» ማለታቸው ነበር። እኛም አብረን ሳቅን። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም።

በማግሥቱ እሸት ቡና ወደሚመዘንበት ቦታ አብረናቸው ሄድን። ሚዛኑ ባዶውን ሳለ መርፌውን አየነው። ዜሮ ላይ አልነበረም፤ ከዜሮ በታች ግማሽ ኪሎ ያህል ወርዶ ነበር። ሚዛኑ አርጅቶ ይሁን ሌላ ነገር ይሁን አልፈረድንም፤ ያላረጋገጥነውን አንናገርም። ነገር ግን ሒሳቡ ግልጽ ነው። በየምዝኑ ግማሽ ኪሎ ከጎደለ፣ ሃያ ጊዜ ያስመዘነ ሰው አሥር ኪሎ አጥቷል። እኝያ እናት «መጀመሪያ ባዶውን አሳየኝ» አሉ። መርፌው ተስተካከለ። ከሳቸው በኋላ የተሰለፉትም እንዲሁ ማለት ጀመሩ።

እንግዲህ ከላይጎ ሰዎችና ከማማው አዛውንት የምንማረው ይህ ነው፦

ሚዛን ቡና ሳይጫንበት ምን እንደሚል አስቀድመን እንይ። ባዶውን የማያውቅ ሙሉውን አያውቅም።

የተጠራጠርነውን በሁለተኛ ሚዛን እናስመዝን። ከቤት ሲወጣ የተመዘነውና በገበያ የተመዘነው ይስተያይ።

የሆነውን በዚያው ቀን በደብተር እንጻፍ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን። ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነም ይጻፍ። ሳምንት ቆይቶ ከትዝታ የተጻፈ ቁጥር ምስክር አይሆንም።

የተሳሳተ ቁጥር ብንጽፍ አንፋቀው። በአንድ መስመር ሰርዘን ትክክለኛውን ባጠገቡ እንጻፍ። የተፋቀ ነገር ነገ ጥርጣሬ ያመጣል።

በደብተራችን አንድ ገጽ ስለተበላሸ ደብተሩን አንጣለው። የተበላሸውን ለይተን የቀረውን እንጠብቅ።

ፊደል ያወቅነው ለዚህ ነው። ትናንት ሌላ ሰው የነገረንን ቁጥር ተቀብለን እንሄድ ነበር። ዛሬ ራሳችን እናነባለን፣ ራሳችን እንጽፋለን፣ ካልገባንም «ባዶውን አሳየኝ» እንላለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አዛውንቱ ከርከሮ መምጣቱን ያወቁት በምን ነበር?
2. የቁራዎቹ ነገር የታወቀው በምን በምን እርምጃ ነው? በቅደም ተከተል ተናገሩ።
3. ሁለት ምስክሮች ሰዓታቸው ካልተስማማ ምን ችግር ይመጣል? ከራሳችሁ ኑሮ ምሳሌ ስጡ።
4. ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. መዝገቡ በሙሉ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይቀር ነበር?
5. በመንደራችሁ ያለው ሚዛን ባዶውን ምን ይላል? ሄዳችሁ አይታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።